ትምህርት ለምን ደጋ ወጣ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ በየቤቱ አንድ ዓይነት ጉባዔ ይቀመጣል። አባት ስለ ትምህርቱ ዓይነት ይጠይቃል፤ አጎት ስለ ሥራው ተስፋ ያወራል፤ እናት ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አላት፤ «አገሩ ቆላ ነው ደጋ?» መቼስ ነገሩ የሚቆረጠው በሷ ጥያቄ ነው። ሐዋሳና ባሕር ዳር ከላይ ይጻፋሉ። ጎንደርና ጅማ ይከተላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ሲደረስ «ኧረ ውርጩስ?» ይባላል፤ ለብርድ ብርድ ልብስ አለው ተብሎ ይታለፋል። ሠመራና ጋምቤላ ግን ከታች፣ መስመሩ ባዶ እንዳይቀር ያህል ይሞላሉ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ መምህራኑ የጠየቀ ካለ እሱ ጉድ ነው።

በእናቲቱ መሳቅ ይቀላል። ጥያቄዋ ግን ከአየር ትንበያ የመጣ አይደለም፤ የብዙ መቶ ዓመት ልምድ አለበት። እስቲ ከየት እንደመጣ እንከተለው። (ዘመኑ ሁሉ፣ የፈረንጅ ነው ካልተባለ በቀር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ዘመናዊው ኮሌጅ ከመምጣቱ በፊት ተማሪ አገር የሚመርጠው በመምህር ነበር። ድጓ የፈለገ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ይወጣል። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይሄዳል። ቅኔ የጠማው ጎጃም ገብቶ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይከርማል። አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሻ ጎንደር ይወርዳል። ቅዳሴ ለመማር የተነሣ ደግሞ ከሰለልኩላና ከደብረ ዓባይ ዜማ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የመጀመሪያው በወሎ ዋድላ፣ ሁለተኛው በትግራይ ሽሬ በኩል ነው፤ በመካከላቸው የብዙ ቀን መንገድና የተከዜ ቆላ አለ። ይህን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሚያቋርጥ ልጅ «አየሩ ይስማማኛል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ «የኔታ እገሌ አሉ ወይ?» ነው ያለው። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ የሚለምንበት መንደር፣ ውሻ የሚመክትበት ዱላ፣ ቁራሹን የሚያኖርበት አኩፋዳ ካለው በቂው ነበር።

ታዲያ አየሩ ከምርጫው ውጭ ነበር ማለት ነው? አልነበረም። በጓሮ በር ገብቷል። የተማሪው የደንብ ልብስ ደበሎ መሆኑን እናስብ። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ በግ ደግሞ የደጋ ከብት ነው። ስሙንም «የቆሎ ተማሪ» ያሰኘው የደጋና የወይና ደጋ ገበሬ ከጎተራው የሚዘግንለት እህል ነው። መምህሩ የሚቀመጠው ደብር ባለበት ነው፤ ደብር የሚተከለው መሬት ባለበት፣ መሬቱን የሚያርስ ብዙ ገባር በሚኖርበት ነው፤ ያ ገባር የሚኖረው ደግሞ ከንዳድ በላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው መምህሩን ሲመርጥ ሳያውቀው ከፍታውንም መርጧል። ከፍታውን ቀድሞ የመረጠለት ንጉሡ፣ ባለ ጉልቱና ደብሩ ነው።

ቆላው ለምን ተተወ ቢባል፣ በቤተ ክርስቲያን ልምድ ቆላው ሌላ ሥራ ነበረው። እህል የማይቀመስበት ዋልድባ ያለው በቆላ ነው። ማኅበረ ሥላሴ ያለውም በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውስጥ ነው። መነኩሴ ሥጋውን ለማድከም፣ ከዓለም ለመሰወር ወደዚያ ይወርዳል። ወጣቱ ለመማር ደጋ ይወጣል፤ ሽማግሌው ለመመንኮስ ቆላ ይወርዳል። ደንቡ ፈጽሞ አይፈርስም ባይባልም ሥዕሉ ይኸ ነው፤ የዚህን ዓይነት ሥዕል በልቡ ይዞ ያደገ ሕዝብ ለልጁ ኮሌጅ ሲመርጥ ቆላን የተጋድሎ ቦታ አድርጎ ቢያይ አይደንቅም።

ስለ ንዳድ የነበረው ዕውቀትም ቀላል አልነበረም። የደጋው ገበሬ ቆላ ወርዶ ያርሳል፤ ለማደር ግን ወደ ደጋው ይመለሳል። ምክንያቱን ሲጠየቅ የቆላ አየር ክፉ ነው ይላል። ጣሊያኖችም በሽታውን «ማላርያ» ሲሉት ክፉ አየር ማለታቸው ነበር። ሮናልድ ሮስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታው በትንኝ እንደሚተላለፍ ያሳየው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ገበሬያችን ትንኟን ባያውቃትም የምትናከሰው በሌሊት መሆኑን በልጆቹ ሞት ተምሯል። ወቅቱንም ለይቷል። ንዳድ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ረግረጉ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መንገደኛ በዓባይና በተከዜ ሸለቆ የሚሻገረው ይህ ካለፈ በኋላ ነበር። ይህን ወቅት እባካችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የንዳድና የትምህርት ነገር ቁልጭ ብሎ የሚታየው በጎንደርና በደምብያ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማቸውን የቆረቆሩት ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ከሥሩ እስከ ጣና ድረስ የደምብያ ሜዳ ተንጣሏል። ለምለም ነው፤ እህል ያበቅላል፤ ንዳድም ያበቅላል። ሜዳው ከተማውን አበላ፤ ከተማው ሊቃውንቱን ሰበሰበ፤ አቋቋሙም ትርጓሜውም እዚያ ላይ ጸና። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1945 እና 1946 ዓ.ም. አካባቢ በዚሁ በደምብያ፣ ቆላ ድባ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። አገሪቱ ያሏት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም አብዛኛዎቹ የውጭ አገር ሰዎችና የከተማ ሐኪሞች ናቸው። መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ እርዳታ በ1947 ዓ.ም. የጎንደርን የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ሆነው ይሠለጥኑበት ጀመር።

እንግዲህ እዩት። ከኮሌጆቻችን መካከል ቦታውን የቆላ በሽታ የመረጠለት ይህ ነው። ሆኖም ኮሌጁ የተሠራው ቆላ ድባ አይደለም፤ ጎንደር ላይ ነው። ተማሪው ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ ይለማመዳል፤ ወጥቶ ይማራል። ልክ እንደ ደምብያው ገበሬ፣ ሥራው ከታች፣ ማደሪያው ከላይ። ይህን የምለው ለማቃለል አይደለም፤ ያ ኮሌጅ ከዚያ በፊት ሐኪም የሚባል ዓይቶ ለማያውቅ ገጠር የደረሰ ነው። ደጋ መኖርም ዋስትና አልነበረም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ታኅሣሥ የዘለቀው ታላቁ የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ያለውን ወይና ደጋ ነው ያጠቃው፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፣ 150,000 ያህል ሞተ ተብሎ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደ አካል ስለነበረ ነው ያን ያህል የረገፈው። የእናቲቱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። አያቷ ወይም አያቷን የሚያውቅ ሰው በዚያ ዓመት ቀብሯል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ። እኛ ከሥላሴ ደወል ሥር የምንማረው፣ ቅዳሴውና የላቦራቶሪው ሰዓት የሚደባለቅብን፣ ለምን እዚህ ላይ ተቀመጥን? መልሱ የሚጀምረው በብርድ ነው። የምኒልክ ከተማ እንጦጦ ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ነበር፤ ነፋሱና ብርዱ የማይቻል። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውንና የሜዳውን ለዘብተኛ አየር ወድደው በ1879 ዓ.ም. ከሥር ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። የተቀረው መኳንንት ተከተለ። እንግዲህ የእቴጌይቱ የአየር ምርጫ ከተማውን ከደጋ ወደ ለዘብተኛው ደጋ አወረደው፤ ቆላ ግን አላደረሰውም፤ አራት ኪሎ አሁንም 2,400 ሜትር ገደማ ነው።

ቤተ መንግሥት ካለበት ትምህርት ቤት ይከተላል። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ ተፈሪ መኮንን በ1917፣ ከጣሊያን መባረር በኋላ ኮተቤ በ1935፣ ዊንጌት በ1938 ዓ.ም. ሁሉም እዚሁ ተከፈቱ። የሥላሴ ካቴድራል በ1936 ተመረቀ። ከአጥሩ ማዶ አራት ኪሎ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ የመሩት ሉስየን ማት የሚባሉ የካናዳ ኢየሱሳዊ ነበሩ፤ ከካናዳ ክረምት ለመጣ ሰው የእኛ ሐምሌ ጸደይ ሳይሆን አልቀረም። ካቴድራሉ አጠገብ ያለው የሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤትም በ1953 ወደ ኮሌጅነት አድጎ፣ በ1954 ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጥ ከአባል ኮሌጆቹ አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመን ተዘግቶ በ1987 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። በዚህ ቅጥር ውስጥ ከዋሸራ ቅኔ ቆጥሮ የመጣው ደብተራና ከዊንጌት የወጣው የሳይንስ ተማሪ በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር። ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው።

የቆላው ልጅስ? ከአፋር፣ ከኦጋዴን፣ ከጋምቤላ እዚህ የደረሰ ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር። የደረሰውም ሁለተኛ ደረጃን ለመማር ገና በልጅነቱ ከቤቱ ተነቅሎ የመጣ ነው። ለእርሱ «አየሩ ይስማማሃል ወይ?» ያለው የለም። ስለ ወባ የምናወራው ሁላችን ስለ ሐምሌ ጉም፣ ስለ ኅዳር ሌሊት፣ ከሙቀት ወጥቶ በመጀመሪያው ክረምት ደረቱን ስለሚይዘው ልጅ አናወራም። በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ወጣቶች የትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ ካስታወቁ በኋላ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከናይጄሪያ የመጡ ተማሪዎች እዚሁ ዶርም ገቡ። እነሱ ከሙቅ አገር መጥተው ብዙ ነገር አስተማሩን፤ የተማሪው እንቅስቃሴ አንዱ እርሾ እነሱ ናቸው ይባላል። የራሳችን የቆላ ልጅ ግን በቁጥር ከእነሱ ይብለጥ ይነስ የጠየቀ አልነበረም።

የአየር ምርጫ የማን ምርጫ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ የውጭ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዞች ሕንድን ሲገዙ የራሳቸውን ልጆች ከሜዳው ሙቀትና በሽታ አሽሽተው በሲምላና በዳርጂሊንግ ተራሮች ላይ ያስተምሩ ነበር። ሜዳው ሻይና ጥጥ፣ ግብርና ወታደር ይሰጣል፤ ተራራው ትምህርት ይቀበላል። ባዕድ ገዢ አልነበረብንም እንላለን፤ ልክ ነው። ሥዕሉ ግን ይመስላል፣ አይመስልም? ፍርዱን ለእናንተ ልተው፤ ማስረጃውን ግን ከአዋሽ ላምጣ።

የእርሻ ኮሌጃችን በ1945 ጅማ ላይ ተጀምሮ በ1949 ዓ.ም. ወደ ዓለማያ ተዛወረ። ዓለማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ ሐይቅ ነበረው (ሐይቁ ከጊዜ በኋላ ደርቆ ብዙ አነጋገረ)። አየሩ ለመምህሩም ለተማሪውም የተመቸ ነው። በዚያው ዘመን የአገሪቱ ታላላቅ እርሻዎች የሚዘረጉት ግን ቆላ ላይ ነበር። ወንጂ ላይ የሆላንዶች ስኳር ፋብሪካ በ1946 ሥራ ጀመረ። በ1950ዎቹ ደግሞ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በታችኛው አዋሽ፣ ዱብቲ ላይ ተንዳሆ የሚባለውን የጥጥ እርሻ ከመንግሥት ጋር ከፈተ። የአፋር ከብት በበጋ የሚሰማራበት ለምለም ዳርቻ ተወሰደ። ጥጥ ለቀማው ሲደርስ ከወሎና ከትግራይ ደጋ ድሀው ገበሬ እየጎረፈ ወረደ። ለእርሱ ምርጫ የሚሞላበት ወረቀት አልቀረበለትም፤ ንዳድ መኖሩን እያወቀ ነው የወረደው፤ ልጆቹ ስለራባቸው።

ልብ በሉ እንግዲህ። ጥጥ ዱብቲ ለመድረስ አየሩ አላገደውም። ትራክተሩ፣ መኪናው፣ የመስኖ ቦዩ፣ መሐንዲሱ፣ ሁሉም ወርደዋል። ለመሐንዲሱ ኪኒንና የሽቦ ወንፊት መስኮት ተገኝቷል። ከዱብቲ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው በሠመራ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ግን በ2000 ዓ.ም. ግድም ነው። ከጥጡ በኋላ አርባ ዓመት አለፈ ማለት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ያገደችው ትንኟ ናት ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ለጥጡ መንገድ የለቀቀችበትን ምክንያት አብሮ ያስረዳን።

በመካከሉ ተማሪው ቆላን ያየባቸው ሁለት ጊዜዎች አሉ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ ያስተምረው፣ ያስተምርበትም ነበር። በ1967 ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር በየገጠሩ በተነ። በሁለቱም ጊዜ የምደባው ቦታ በዕጣም በትእዛዝም ነው። ስለ ዘመቻው ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ እዚህ አልደግመውም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው፣ ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆላ ያደረው ያን ጊዜ መሆኑ ነው። ወርዶ ግን ለመማር ሳይሆን ለማስተማር ነው የወረደው። አስተማሪው ከላይ ይመጣል፤ ተማሪው ከታች ይጠብቃል። ቆላ ተቀምጦ መማር እንደሚቻል ማንም ገና አልሞከረም።

የመጀመሪያው ሁነኛ ሙከራ አርባ ምንጭ ይመስለኛል። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያ፣ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ተከፈተ። ውሃ የሚማር ሰው ውሃ አጠገብ ይማር የተባለ ይመስላል፤ ብልኅ አሳብ ነው። ወባው ነበረ፤ ተማሪውም ታመመ፣ ታከመ፣ ተመረቀ። ዛሬ አርባ ምንጭን «ሙቀት አለው ግን ደስ ይላል» ብሎ ከመሐል የሚሞላ ብዙ ነው። አንድ ትውልድ ሲማርበት ስሙ ተለወጠ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ጂጂጋ፣ ድሬዳዋ፣ ሠመራ፣ ቀጥሎም አሶሳና ጋምቤላ ሲመጡ የትምህርቱ ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደጋው ጫፍ ወረደ።

ታዲያ ቅጹ ላይ ለምን አሁንም ከታች ናቸው? አንደኛው መልስ ወባው እውነት ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል። ሙቀቱም እውነት ነው፤ ሠመራ በግንቦትና በሰኔ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያለ ማራገቢያ መጽሐፍ ማንበብ ይቅርና መቀመጥም ፈተና ነው። ሌላው መልስ ደግሞ «አየር» የሚለው ቃል በእጃችን ላይ መለወጡ ነው። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሣው ግጭት ተማሪ ሲሞትና ሲታገት ያየ ወላጅ፣ ዛሬ «አየሩ እንዴት ነው?» ሲል ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ ብቻ አይጠይቅም። ወይና ደጋ የነበረው ሁሉ በአንድ ሳምንት ንዳድ ሊሆን እንደሚችል አይቷል። ይኸኛውን ክፉ አየር ኪኒን አያድነውም፤ የሮስ ማይክሮስኮፕም አያሳየውም።

ሆኖም አንድ ልጅ ልጥቀስ፤ ስም የለውም፣ ብዙ ስለሆነ። አሳይታ ወይም ሎግያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሠመራን አንደኛ ብሎ ይሞላል። ሙቀቱን ያውቀዋል፤ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ቋንቋው በመንገድ ላይ ይነገራል፤ ሲያመው እናቱ በአንድ ሰዓት ትደርሳለች። ለዚህ ልጅ የሚከብደው ደብረ ብርሃን ነው። 2,800 ሜትር፤ በኅዳር ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ። የእሱ እናትም እንደኛዋ ትጠይቃለች፤ መልሱ ነው የሚገለበጠው። ከሃያ ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ መጠየቅ የምትችልበት ወረቀት አልነበራትም። ወይ ደጋ መውጣት፣ ወይ መቅረት ነበር።

ያዙልኝ ያልኋችሁን ወቅት አሁን ልጨርሰው። ክረምቱ ሲወጣ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ምዝገባ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት፣ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ በኅዳር። ከደጋ የተመደበው ልጅ በሽታውን ያልለመደ ሰውነቱን ይዞ ቆላ የሚገባው እንግዲህ ረግረጉ ሙሉ በሆነበት፣ ትንኟ በበዛችበት በዚያው ወር ነው። የድሮው መንገደኛ ይህን ጊዜ ከሸለቆው አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያሳልፈው ነበር። የትምህርት ዘመኑ ቀን የሚቆረጠው ግን ለአገሩ ሁሉ ባንድ ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ነው። የሠመራና የጋምቤላ አዲስ ገቢ በጥር ቢመዘገብ፣ ወይም አጎበርና የደም ምርመራ በግቢው በር ላይ ቢቆየው ምን ይጎድላል? በሚቀጥለው እትም የጤና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ቢጽፉልን እንወዳለን።